ጨዋነት ስንት ያወጣል?

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ለወላጆች የተላከ ነው። "ተማሪዎች ምሳቸውን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር እንዳይካፈሉ እናሳስባለን" ይላል። ምክንያቱም ተዘርዝሯል፤ አለርጂ፣ ንጽሕና፣ የጾም ጉዳይ ምናምን። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አንዱንም ስህተት ነው ማለት አልቻልኩም። ደንቡን ያወጡት ሰዎችም ክፋት አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እህቴ "ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። በሐሳቤ ቢቸና ደርሼ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከቢቸና በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ገጠር የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። (የተወለድኩት በ1960 ዓ.ም. ነው፤ የሞጣና የቢቸና ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ መሣሪያ ባነሳበት ዓመት። እናቴ ዕድሜዬን ስትቆጥር "በግብሩ ረብሻ ጊዜ" ነበር የምትለው።) አራት ልጆች ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተናል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደየቤታችን እንሄድና እሁድ ማታ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ። እንደዚያ ያደገ ሰው የሁለተኛውን ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ምንነት ያውቃል። ስንቁ አልቋል፣ ቅዳሜ ገና አልደረሰም።

ከክፍላችን አንድ ልጅ ብቻ ቅዳሜን አይጠብቅም ነበር። የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ እህል ነጋዴ፣ የጭነት መኪናም ያላቸው ሰው ነበሩ። እሱ ቢቸና አያቱ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል። ስሙን አልጽፍም፤ እኛም ከስሙ ይልቅ "ጨዋው" ነበር የምንለው። መጀመሪያ ለፌዝ ነው፤ ኋላ ግን ፌዙ ቀረና ስሙ ሆነ።

ልጁ በእውነት ጨዋ ነበር። የቢቸናን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰኔ ላይ እግር ይዞ አይለቅም። እኛ ባዶ እግራችንን ወይም በበረባሶ እንሄዳለን። እሱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይመጣና በሩ ላይ እግሩን ታጥቦ፣ በመሐረብ አድርቆ፣ ካልሲውን አድርጎ ይገባል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እኛ ስንሰዳደብ የሱ ጆሮ ይቀላል። መምህር ፊት ተሳስቶ ሌላ ልጅ ሲያርመው፣ ወንበሩ ላይ ዞር ብሎ ያረመውን ልጅ "አመሰግናለሁ" ይላል። ይኼ የመጨረሻው በጣም ያናድደን ነበር።

ማታ በኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን ጉዳዩን እናነሳለን። ሀብታም ጨዋ ቢሆን ምን ይደንቃል? ጠግቦ ያደረ ሰው ለምን ይቆጣል? ለሰው ዳቦ ሲቆርስ ከራሱ ጉሮሮ ላይ አይቀንስ። ጨዋነት እንደ ካልሲ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነው የሚል ሐሳብ ነበረን፤ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፣ የሌለው በእልህ ይኖራል። አሁን ሳስበው ጥያቄያችን የዋዛ አልነበረም። ምንም የማያስከፍል በጎነት በጎነት ነው ወይ? ብዙ ፈላስፋ የደከመበት ነገር ነው፤ እኛ ግን የሚደግፈን መጽሐፍ ሳይኖረን፣ በባዶ ሆድ ነበር የምንከራከረው።

ከአራታችን አንዱ "መምሬ" ይባላል። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ዘግይቶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ ልጅ ነው። "ጨዋ ጨዋ ትሉታላችሁ" አለን አንድ ማታ፤ "በኛ ዘንድ ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው።" እውነቱን ነው፤ በቤተ ክህነት ቋንቋ ጨዋ ማለት ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ነው። በጥንቱ ዘመን ደግሞ ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ ስም ነበር። ወታደር፣ መሐይም፣ የደህና ሰው ልጅ፤ አንድ ቃል ሦስቱንም ተሸክሞ እዚህ መድረሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጨዋው ዳቦ ያመጣል። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሌላው ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ለኛ ብቻ። ሲሰጠንም "አያቴ አብዝታብኝ፣ ሊበላሽብኝ ነው፤ እባካችሁ አግዙኝ" ይላል። ውሸት ነው። የራበው ሰው እንዲህ ያለውን ውሸት ወዲያው ያውቀዋል፤ ግን ለክብሩ የተዋሸለት ውሸት ስለሆነ ዝም ብሎ ይበላል። እኔ በላሁ። ሁለቱም በሉ። መምሬ አልበላም።

"አንተ በእንተ ስማ ለማርያም ስትል የኖርክ፣ የቁራሽ ልጅ፣ አሁን ኮራህ?" አልነው። መምሬ አልተቆጣም። የመለሰውን ዛሬ ድረስ አልረሳውም። "ያ የማርያም ነው" አለ። "ይኼ የሱ ነው።"

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ ይለምናል። የባለጠጋው ልጅም ከአባቱ ቤት ርቆ ሄዶ እንደ ድሃው ልጅ ይለምናል፤ ትሕትናን ይማርበታል። አንዱ ስንቅ ተልኮለት ሌላው ሲለምን የሚኖርበት ሥርዓት አይደለም። ሰጪዋ ሴትዮም የምትሰጠው ለዚያ ልጅ አይደለም፤ ለስሟ ለተጠራችው ነው። ልጁ በልቶ ሲሄድ የማንም ባለዕዳ አይሆንም። ነገ ያችን ሴትዮ ገበያ ላይ ቢያገኛት አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። እኔ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት አላማም፤ እንጀራዬን ያገኘሁበት ነው። ግን ልመናን ሲያስቀር ረሃቡን አላስቀረም፤ የሀብታሙን ልጅና የድሃውን ልጅ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የሚደራረሱበትን መላ ሳይሰጣቸው ቀረ።

ጨዋው መምሬ እንደማይበላ አየ። ለሁለት ሳምንት ያህል ዳቦ ማምጣት አቆመ፤ እኛም መምሬን ጠመድነው። ከዚያ አንድ ቀን ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በራችን ተንኳኳ። ጨዋው ነው። ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና መምሬን አይቶ "በሶ አለህ?" አለው። መምሬ ትንሽ ዝም አለ። ተነስቶ ከስልቻው በሶ ዘገነ፣ ጨው ጨመረ፣ በውሃ በጠበጠ። የቀረው በሶ ያ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ጨዋው ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣው። እስኪጨርሰው ድረስ አየነው፤ እንግዳ በሶ ሲጠጣ በጽሞና ያየን ይመስለኛል። ጨርሶ "ይጨመርልኝ" አለ። መምሬ ሳቀ። "የለም። አለቀ" አለው። በማግስቱ ዳቦ መጣ፤ መምሬም በላ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ጨዋው ቅኔ ቀርቶ ግእዝ ቆጥሮ የማያውቅ ልጅ፣ መምሬ ሲቀኝ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር፤ ሲስቅም አፉን መሸፈን ትቶ ነበር።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር ያነሳል። በጎ ያደረገ ሰው በጎ የተደረገለትን ይወዳል፤ በጎ የተደረገለት ግን ያደረገለትን ያንኑ ያህል አይወድም፤ ለምን? ብዙ ሰው ነገሩን ከአበዳሪና ከተበዳሪ ጋር ያመሳስለዋል፤ ተበዳሪ አበዳሪው ባይኖር ይመርጣል። አርስቶትል በዚህ አይረካም። በጎ አድራጊ የሚወደው እንደ ገጣሚ ነው ይላል፤ ገጣሚ የራሱን ግጥም እንደሚወድ፣ ደግ ሰውም በደግነቱ የሠራውን ሰው ይወዳል። ይህንን ክፍል ለተማሪዎቼ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጎኔን ይወጋኝ ነበር። እሺ፣ ገጣሚው ግጥሙን ይውደድ። ግጥሙስ? ግጥም መሆን የሚፈልግ ሰው ማን ነው? ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ በጻፈው ዝነኛ ጥናቱ፣ ያልተመለሰ ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ እንደሚያደርገው አሳይቷል። መምሬ ሞስን ሳያነብ ያውቀው ነበር። ጨዋውም፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ተረዳው። ድሃ ጓደኛህን የምታከብረው በምትሰጠው ሳይሆን ከሱ በምትቀበለው ነው ማለት ነው። የዚያን ማታ ለጨዋነቱ ከፈለ፤ በሶው ራሱ ምንም አይደል፣ የከፈለው የሰጪነትን ወንበር በመልቀቅ ነው።

እንግዲህ የኔ ተራ ደረሰ።

ዘጠነኛ ክፍልን ልንጨርስ ስንል ጨዋው ጫማ ሰጠኝ። "ጠበበኝ" አለ። ሶሉ መሬት አልነካም፤ አዲስ ነው። ለእግሬ ልክ ነበር፤ እግሬን መቼ እንደለካው አላውቅም። ክረምት ቤት ስገባ አባቴ ጫማውን አይቶ "የማን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ምንም አላለም። መስከረም ላይ ልመለስ ስነሳ፣ በትንሽ ቅል ነጭ ማር አምጥቶ ሰጠኝ። "የሰው ጫማ ነው ያደረግኸው፤ የራስህ እንዲሆን ይኼን አድርስለት" አለ።

አላደረስኩም። መንገዱን ሙሉ ቅሉን ተሸክሜ የማስበው፣ የዚያ ሁሉ ሀብት ባለቤት ይህቺን ቅል ሲያይ ምን ይላል እያልኩ ነው። ቅሉ በቃጫ የታሰረ ነው፣ ክዳኑ ትንሽ ያንጠባጥባል። እንደሚያመሰግነኝ፣ ዘወር ብሎ መሐረቡን ፈልጎ እጁን እንደሚጠርግ ታየኝ። አፈርኩ። ማሩን ከሁለቱ ጋር በድርቆሽ በላነው፤ መምሬ አልነበረም። ጫማው የሰው እንደሆነ ቀረ።

በ1976 ዓ.ም. ነጋዴ መሆን አስቸጋሪ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ እህል ይወስዳል፤ ነጋዴውም ከሚገዛው ላይ በተወሰነ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደዳል። እህል ደበቀ የተባለ "የኢኮኖሚ አሻጥር" ፈጽሟል ይባላል። የጨዋው አባት ሞጣ ላይ ተጠርጥረው ታሰሩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ስብሰባ የማይጠራ አልነበረም፤ የጠራው ማን እንደነበር እዚህ መጻፉ አይጠቅምም። ጨዋው ቆሞ ግለ ሂስ እንዲያደርግ፣ እኛም እንድንሂሰው ተጠየቅን። ፀጥታ ሆነ። ማንም አልገፋኝም። ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ተነሳሁና "ጓደኛ የሚይዘው በዳቦና በጫማ እየገዛ ነው" አልኩ። ይህንን ስል ጫማውን አድርጌ ነበር።

ከኋላ መምሬ ተነሳ። "እኔ የሱን ዳቦ በልቻለሁ፤ እሱም የኔን በሶ ጠጥቷል። ማን ማንን እንደገዛ አላውቅም" አለ። ጥቂቱ ሳቀ። ሰብሳቢው ቁጭ በል አለው።

ያ ቀን ለምን እንደዚያ ሆነ? ፍርሃት ነው ብል ይቀለኛል፤ አልፈራሁም። ብዙ ዓመት ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት እንዲህ ነው። መምሬ የተነሳው ዕዳ ስላልነበረበት ነው። ከጨዋው ጋር ተበላልቷል፤ ስለዚህ ስለሱ እውነቱን ለመናገር ነፃ ነበር። እኔ ግን የምከፍለው ዕዳ ነበረብኝ፤ ባለዕዳነቱን የምገላገልበት መንገድ ደግሞ ጫማውን ጉቦ ነው ብሎ መጥራት ሆኖ ታየኝ። ስጦታው ክፉ ከሆነ ብድሩ ቀረልኝ ማለት ነው። ውለታ በል የምንለው ሰው ሁሉ ልቡ የደነደነ እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዱ ውለታው በጣም ስለከበደው የሚጥለው ነው።

ይህንን ስጽፍ ግን ራሴን ነፃ እያወጣሁ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አርስቶትልን ጠቅሶ ማምለጥ የመምህር በሽታ ነው። ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ጥፋቱን ለጨዋው ባሸክመው፣ ማሩ ይመሰክርብኛል። መመለሻው እጄ ላይ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው አባቴ መንገዱን አሳይቶኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። የተናቅኩት በጨዋው አይደለም፤ እኔ የአባቴን ቅል ናቅኩ። ድሃም ትዕቢት አለው፤ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቅረት አንዱ መልኩ ነው።

ለዓመታት "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አስተምሬያለሁ። ሀዲስ አለማየሁ ራሳቸው በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸውም ዋና ታሪኩ የሚሆነው እዚያው ዲማ ነው። ተማሪዎቼ ስለ ሰብለ ወንጌል ያለቅሳሉ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ይቆጣሉ፣ ጉዱ ካሣን ያደንቃሉ። በዛብህ ልጃቸውን ሊያስተምር በገባበት ቤት የበላውን እንጀራ እንዴት እንደዋጠው የጠየቀኝ ተማሪ ግን አላገኘሁም። ልብ ወለዳችን ባለጠጋና ድሃ ሲፋቀሩ ብዙ ጽፏል። ባለጠጋና ድሃ ጓደኛ ሲሆኑ የሚሆነውን እምብዛም አልነካውም፤ ምናልባት መቃብር የሚያደርስ ስላልሆነ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ደብዳቤ ልመለስ። እሷ ክፍል ውስጥ ሁሉም ጫማ አለው፣ ሁሉም ምሳ ዕቃ አለው። ያለው ከሌለው ጋር አብሮ የሚቀመጥበት ወንበር የለም፤ የሌለው ከነወንበሩ ሌላ ግቢ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ አዲስ አበባ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ አለ። ይህንን ሳልቆጥብ አመሰግናለሁ። የመምሬ የማርያም እንጀራ ማለት ነው፤ ሰጪው ፊት የለውም፣ የበላ ልጅ ለማንም አንገቱን አይደፋም። ግን እዚያ የሚበሉት ድሆቹ ብቻቸውን ነው፣ እዚህ የሚበሉትም ሀብታሞቹ ብቻቸውን። የኛ ዘመን ሀብታም ልጅ ከድሃ ልጅ ጋር ጓደኛ መሆን ይከብደው ነበር፤ የዛሬው ለመጣላት እንኳን አይገናኝም። ጨዋው በሶ የጠጣው በራችን አያቱ ቤት አጠገብ ስለነበረ ነው። የእህቴ ልጅ ደግ ናት፤ ለማን ደግ እንደምትሆን ግን ያሳያት የለም።

ደብዳቤውን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልኩ። ቁጥሩን የሰጠኝ መምሬ ነው፤ አሁን ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው፣ ሁለቱ ዛሬም ይገናኛሉ። ጨዋው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወደ ሞጣ ተመልሶ ነበር። አባቱ ከወራት በኋላ ተፈቱ፤ መኪናው ግን አልተመለሰም። ዛሬ እዚያው ትንሽ ሱቅ አለው። በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ እንደልብ ወደዚያ መሄድ ስለቀረ እንጂ በአካል ብሄድ በወደድኩ። ስልኩ ሲነሳ ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ስለ ስብሰባው አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የደወልኩት፤ ይቅርታውን ሲሰጠኝ ከሱ የምቀበለው ሌላ ጫማ እንደሚሆን ታየኝና ቃሉ አልወጣ አለኝ። በምትኩ ስለ ማሩ ነገርኩት። አባቴ እንደላከለት፣ እንደበላነው።

ዝም አለ። ከዚያ "አውቃለሁ" አለኝ።

"እንዴት?"

"አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚያን ዓመት ጥቅምት ላይ ለገበያ ሲመጡ አያቴ ቤት ገብተው ነበር፤ ሊያመሰግኑኝ። 'ማሩ ደረሰህ ወይ?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"ደርሶኛል አልኳቸው። ጣፋጭ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው።"

ጥቅምት ማለት ከስብሰባው በፊት ነው። እዚያ ቆሞ እኔ ስናገር ሲሰማኝ፣ ስለ ማሩ ያውቅ ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከወዲያ ሱቁ ውስጥ አንድ ልጅ ሳሙና ሲጠይቀው ይሰማኛል፤ "ቆይ ልጄ" አለውና ወደ እኔ ተመለሰ።

"ለመሆኑ ነጭ ነበር?" አለኝ።

"ነጭ ነበር" አልኩት።